የመሪው መዛባት ከየት ይጀምራል? የፒክአፕ አክስልና የጎማ አሰላለፍ ምርመራ



ገለጻዬን ሁላችሁም በምታውቁት ሁኔታ ልጀምር። አንድ ፒክአፕ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲጓዝ መሪው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይታያል። ባለንብረቱ መኪናውን ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። ባለሙያው የፊት ጎማዎችን ይለካል፣ ታይሮዶቹን ያስተካክላል፣ መሪው ቀጥ ይላል፤ ሂሳብ ተከፍሎ መኪናው ይወጣል። ይህ ጥገና ፍጹም ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድን አደገኛ ብልሽት ከዐይን የሚሰውር ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ምርመራው ከኋላው አክስል የተነሣ እንደሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ለማስረጃ የምወስደው መኪና በአገራችን ከተማና ገጠር የምናውቀውን ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የተሠሩት የዚህ ዓይነት መኪናዎች የፊትና የኋላ ጎማ ማእከል ርቀት 3085 ሚሊ ሜትር ነው። የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በክንዶች ተይዘው ይንቀሳቀሳሉ፤ የኋላዎቹ ግን በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘው በሁለት ባሌስትራዎች ሥር ተቀምጠዋል። የምንነጋገርበት ችግር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ሦስቱ የፊት ማእዘኖችና አራተኛው

ተማሪዎቻችን አላይመንት ሲባል ሦስት ማእዘኖችን ያስታውሳሉ። ካምበር ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን ነው። ካስተር መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት መጠን ነው፤ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ የሚያደርገው በዋናነት እርሱ ነው። ቶው ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ሲታዩ ከፊት በኩል የሚጠቡበት ወይም የሚሰፉበት መጠን ነው።

ከሦስቱ ጎማን በፍጥነት የሚበላው ቶው ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 9 ሜትር ገደማ ወደ ጎን እንደ መጎተት ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጠርዙ መላጡ አያስደንቅም።

አራተኛው ማእዘን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኋላው አክስል መኪናውን የሚገፋበት አቅጣጫ ከመኪናው መሐል መስመር ጋር የሚፈጥረው ማእዘን ነው፤ የግፊት ማእዘን እንበለው። አክስሉ ለሻንሲው ፍጹም ቀጤ ነክ ከሆነ ይህ ማእዘን ዜሮ ነው። አክስሉ ከተጣመመ ግን መኪናው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋል፤ ሾፌሩም ቀጥ ብሎ ለመጓዝ የፊት ጎማዎችን በዚያው አቅጣጫ ማዞር ይገደዳል። የመሪው መዛባት እንግዲህ ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

አሥር ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው?

አክስሉን በቦታው የሚያቆመው ምንድን ነው? የባሌስትራውን የብረት ንጣፎች አንድ ላይ የሚያስረው መሐል ቡሎን ነው። የቡሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ቦታውን ይወስናል። ባሌስትራውንና አክስሉን አጥብቀው የሚይዙት ግን የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ናቸው። እነዚህ ቡሎኖች ሲላሉ አክስሉ በባሌስትራው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሸክሙን ሁሉ ያ ቀጭን መሐል ቡሎን ይሸከማል፤ በመጨረሻም ይቆረጣል። ከመጠን በላይ ጭነት፣ የኮረኮንች መንገድ ንዝረትና የጉድጓድ ምት ሂደቱን ያፋጥኑታል።

በምሳሌያችን የቀኙ መሐል ቡሎን ተቆርጧል እንበል። የቀኙ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ወይም ፍሬን ሲያዝ አክስሉ በቀኝ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የግራው በቦታው ይቀራል። በሁለቱ ባሌስትራዎች መካከል ያለውን ርቀት 1100 ሚሊ ሜትር አድርገን ብንወስድ፣ አክስሉ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ማእዘን በ3085 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሲሰላ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲጓዝ የኋላ ጎማዎቹ ዱካ ከፊቶቹ በዚህ መጠን ወደ ቀኝ ይወጣል። የመሪው የማርሽ ንጽጽር 16 ለ 1 ነው ብንል፣ ሾፌሩ መሪውን 8 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ ይዞ ይጓዛል። በዐይን የማይታይ የአክስል ሽሽት በመሪው ላይ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልብ በሉልኝ። በዚህ ሁኔታ አራቱም ጎማዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ ጎማ በተለየ ሁኔታ አይበላም። የብልሽቱ ብቸኛ ምስክር የመሪው መዛባት ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ታይሮዶቹን አስተካክሎ መሪውን ቀጥ ሲያደርግ ምስክሩን ዝም አሰኘው እንጂ ብልሽቱን አልጠገነም። መኪናው በላሉ ቡሎኖች ሰውና እህል ጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል፤ አክስሉም እንደገና ሊሸሽ፣ የፍሬን ቱቦውን ሊስብ፣ ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ ካለቦታው ሊያስገድድ ይችላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ችግሩ ቀስ በቀስ መጣ ወይስ በድንገት? ከጉድጓድ ምት፣ ከከባድ ጭነት ወይስ ከባሌስትራ ጥገና በኋላ? በድንገት የመጣ መዛባት የተሰበረ፣ የታጠፈ ወይም የሸሸ ነገር እንዳለ ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ የጎማ ንፋስ ይለካል፣ የጎማው ገጽም ይነበባል። ሁለቱም ጠርዞች ከተበሉ ንፋሱ አንሷል፤ መሐሉ ከተበላ በዝቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ከተበላ ካምበር ይጠረጠራል። እጃችንን በጎማው ጥርሶች ላይ አግድም ስናሳልፍ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነ ምክንያቱ ቶው ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ለስልሶ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሻክር ከሆነ ጎማዎቹ ከፊት ጠብበዋል፤ የተገላቢጦሹ ከሆነ ሰፍተዋል። እዚህም እዚያም የጎደጎደ ገጽ ወደ ደከመ ሾክ አብዞርበር ወይም ወደ ባላንስ ጉድለት ያመለክታል።

ሦስተኛው የመንገድ ሙከራ ነው። እዚህ ላይ የሚምታቱ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ መለየት ይኖርብናል። መኪናው መሪው ላላ ሲደረግ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ይህ መሳብ ነው። መሪው ተዛብቶ ሳለ መኪናው ግን ሳይታገል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ይህ የመሪ መሐል መዛባት ነው። መሳብ የሚመጣው ከጎማው አሠራር፣ ከሚይዝ ፍሬን፣ በግራና በቀኝ መካከል ካለ የካምበርና የካስተር ልዩነት ወይም ከመንገዱ ዘቅዛቃነት ነው። በአገራችን በቀኝ ስለምንነዳ ወደ ጠርዙ ያዘቀዘቀ አስፋልት ማንኛውንም መኪና በመጠኑ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። የፊት ሁለቱን ጎማዎች ማለዋወጥ ቀላል ፈተና ነው፤ መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። የመሐል መዛባት ግን ወይ ከታይሮዶቹ አለመመጣጠን ወይ ከኋላው አክስል ይመጣል፤ እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው ልኬት ብቻ ነው።

አራተኛው የመላላት ፍተሻ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በማይነቃነቅ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ፣ የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቅ የሚሰማ ክፍተት ኩሽኔታን ወይም ቦል ጆይንትን፣ ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንነቀንቅ የሚሰማው ደግሞ የታይሮድ ጫፎችን ያስጠረጥራል። የክንዶቹ ጎሚኒዎችም ይታያሉ። የላላ አካል ባለበት ማእዘን መለካት ዋጋ የለውም፤ ዛሬ የተለካው ነገ አይገኝምና።

አምስተኛው የኋላው አክስል ነው። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ በአራት ጎማው ይቁም። ከባሌስትራው የፊት ጫፍ ቡሎን እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በተለመደ ሜትር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብንሳሳት የማእዘኑ ስሕተት 0.1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ10 ሚሊ ሜትር ሽሽት ሊያመልጠን አይችልም። ልዩነት ከተገኘ የዩ ቡሎኖቹን ጥብቀትና የባሌስትራውን መቀመጫ መርምሩ። በመቀመጫው ዳር የሚያብረቀርቅ የተፋቀ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት መንሸራተት እንደነበረ ይመሰክራል።

ርቀቶቹ እኩል ሆነው ችግሩ ከቀጠለ፣ አክስሉ ራሱ ታጥፎ ወይም ሻንሲው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ሸክሙ አክስሉን የሚጫነው ከጎማዎቹ በስተውስጥ ስለሆነ፣ ከመጠን በላይ የተጫነ አክስል መሐሉ ወደ ታች ይረግባል፤ የኋላ ጎማዎቹም አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የውስጥ ጠርዛቸውም ይበላል። ይህን በማስተካከያ ቡሎን ማረም አይቻልም፤ አክስሉ መቃናት ወይም መለወጥ አለበት። ሻንሲውን ለመመርመር ደግሞ ከአራት ተመሳሳይ ነጥቦች ቱምቢ ወደ ወለሉ አውርደን ምልክት እናደርጋለን፤ ሁለቱ አግድም ሰያፍ ርቀቶች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል።

የፊቱ ማእዘኖች የሚስተካከሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እርሱም በቅደም ተከተል፦ ካስተርና ካምበር አስቀድመው፣ ቶው በመጨረሻ። ካምበርና ካስተር ሲለወጡ ቶውም ይለወጣልና፣ ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ቶው በእጅ ሲለካ ትክክለኛነት ያስፈልጋል፤ 265/65 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በጎማዎቹ ፊትና ጀርባ መካከል የሚታይ 1.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት 0.1 ዲግሪ ማለት ነው። የታጠፈ ቸርኬ ልኬቱን እንዳያሳስት፣ በጎማው ላይ ምልክት አድርገን ከፊት ከለካን በኋላ መኪናውን ገፍተን፣ ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞር ያንኑ ምልክት ከኋላ እንለካለን። ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው ሁልጊዜ በሚሠራበት ጭነት ሲሆን ይመረጣል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ

በምሳሌያችን የሄደበት ባለሙያ የፊቱን ብቻ ለክቶ ትክክለኛ ቁጥር አግኝቶ ነበር። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ጎዶሎ ነበር። ትክክለኛው ጥገና መሐል ቡሎኑን መለወጥ፣ መቀመጫውን ማጽዳት፣ አክስሉን ወደ ቦታው መመለስ፣ አዲስ የዩ ቡሎኖችን አምራቹ በመመሪያው በወሰነው ኃይል በሰያፍ ቅደም ተከተል ማጥበቅ፣ መኪናው ጥቂት ከሠራ በኋላም ጥብቀታቸውን እንደገና መፈተሽ ነው። የታይሮዶቹ ማስተካከያ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ፋኩልቲ ወጥታችሁ በጋራዥ፣ በድርጅት ስምሪት ክፍል ወይም በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ስትሠሩ፣ ከማስተካከላችሁ በፊት የለካችሁትን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ከአስተካከላችሁ በኋላም እንዲሁ። ባለንብረቱ የሚጠይቃችሁ መሪውን ቀጥ እንድታደርጉለት ብቻ ነው። እናንተ ግን መሪው ለምን እንደተዛባ ሳታውቁ ቀጥ አታድርጉት፤ በጋቢናውም ከኋላ በጭነቱ ላይም የሚሳፈሩት ሰዎች ሊያዩት የማይችሉትን ቡሎን እንድታዩላቸው በእናንተ ላይ ተማምነዋልና።