«ወር አበባዬ ሁሌም ይበዛል፣ ለምጄዋለሁ»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወር አበባ መብዛት ነው። ወንዶችም አትለፉት፣ እህትና ሚስት አላችሁ።

በቅርቡ አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ያዞራታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል። ሁለት ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ጨጓራዋ ነበር። ሄሞግሎቢኗ 7.4 ሆኖ ሲመጣ ነው ስለ ወር አበባዋ ያነሳሁት። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ደግሞ መለኪያው ትንሽ ከፍ ይላል።

«ዘጠኝ ቀን ይፈሰኛል፣ ሌሊት እየተነሳሁ ሞዴስ እቀይራለሁ። ግን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። እናትየው ቀበል አድርገው «የኛ ዘር እንዲሁ ነው ዶክተር፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ» አሉ።

እናትየው ልጃቸውን ለማጽናናት ነው ያሉት። እኔ ግን ስሰማው ጭራሽ አሳሰበኝ። ከመጀመሪያው ወር አበባ ጀምሮ የሚበዛ ከሆነና በቤተሰብም ካለ፣ ደም በደንብ ያለመርጋት ችግር ሊሆን ይችላል። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፦ ማዮማ፣ ታይሮይድ፣ እንቁላል በየወሩ አለመውጣት፣ ሆርሞን የሌለው ሉፕ።

ታድያ «ብዙ» የሚባለው ስንት ነው? ደሟን በሚሊሊትር ለክታ የምትመጣ ሴት የለችም። ከ8 ቀን በላይ ከቆየ፣ ሞዴስ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ከሞላ፣ ሁለት ደርበሽ የምታደርጊ ከሆነ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም በዛ ሳምንት ከሥራና ከትምህርት የምትቀሪ ከሆነ ታዪው። ሲቢሲ ቀላል ምርመራ ነው፤ ከተቻለ ፌሪቲንም ይጨመር።

ቀይ ሥር ደም ይተካል የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ቀለሙ ነው እንጂ አይረኑ ያን ያህል አይደለም። ጤፍ አይረን አለው፣ ግን ሰውነታችን የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ሲጠጣበት ደግሞ ይብስ ይቀንሳል። የአይረን ኪኒን የምትወስዱ ቡናና ሻይን ቢያንስ በአንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ደሙ ተስተካከለ ተብሎም ወዲያው አይቆምም፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።

ግን የሚያፈስ ጀሪካን ውስጥ ውኃ ብንጨምር ምን ዋጋ አለው? መፍሰሱም መቀነስ አለበት። እንደ ምክንያቱ ትራኔክሳሚክ አሲድ ወይም የሆርሞን ኪኒን እናዛለን። እዚህ ላይ እናትየው ፊታቸው ተለወጠ፦ «ያላገባች ልጅ እንዴት የወሊድ መከላከያ ትውጣለች? ኋላ መኻን ብትሆንስ?» ኪኒኑ የታዘዘው ደሙን ለመቀነስ ነው፤ መኻን አያደርግም፣ ሲቆም የመውለድ አቅሟ ይመለሳል። ይህንን ለማስረዳት ከምርመራው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን ተስማሙ። እሳቸውንም «እርስዎስ ደምዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። አያውቁም። ሁለቱም ላብራቶሪ ሄዱ።

አንድ ነገር፦ ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ሁለት ሦስት ሰዓት ከቀጠለ፣ ራስሽን ካሳተሽ፣ ወይም እርጉዝ ልትሆኚ የምትችዪ ከሆነና ከደማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።