ከኤላና ከሉዊስ ጀርባ የነበሩት አራቱ

«ኤላ ኤንድ ሉዊስ» የተሰኘው የጃዝ አልበም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሁለት ድምፆችን ነው፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራውን የኤላ ፊትዝጄራልድን እና ሻካራውን የሉዊስ አርምስትሮንግን። በሽፋኑ ፎቶግራፍ ላይ ያሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። አልበሙን የተጫወቱት ግን ስድስት ሰዎች ናቸው። የቀሩት አራቱ ምን ሠሩ?

አልበሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1956 ሆሊውድ በሚገኘው የካፒቶል ስቱዲዮ ነው። አስራ አንዱም ዘፈኖች ያለቁት በዚያ አንድ ቀን ነበር። አሳታሚው ኖርማን ግራንዝ ቨርቭ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው በዚያው ዓመት ነው።

ዘፈኖቹ አዲስ አልነበሩም። «ስታንዳርድ» የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ቀደም ሲል ለብሮድዌይ መድረክና ለፊልም የተደረሱ፣ አድማጩ ዜማቸውን የሚያውቃቸው ዘፈኖች ናቸው። ለምሳሌ «ቺክ ቱ ቺክ»ን ኢርቪንግ በርሊን የደረሰው በ1935 ለወጣው «ቶፕ ሃት» ፊልም ነው። ዜማው ከታወቀ ዘንድ የሚቀረው አዘፋፈኑ ነው። ለዚያ ደግሞ ዘፋኙ ቃሉን የሚያዘገይበት፣ የሚያቆምበት፣ የሚተነፍስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ይህን ቦታ የሚሰጠው አጃቢው ነው።

ፒያኖው ላይ የነበረው ካናዳዊው ኦስካር ፒተርሰን ነው። በጣቶቹ ፍጥነት ዓለም ያደነቀው ሰው እዚህ ራሱን ገታ አድርጓል። ዘፋኙ ሲዘፍን ጥቂት ድምፆችን ብቻ ይነካል፤ የሚናገረው ስንኙ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ክፍተት ነው። ኸርብ ኤሊስ በጊታሩ ምቱን በለሆሳስ ይጠብቃል። ሬይ ብራውን በቤዙ በየምቱ አንድ አንድ ድምፅ እያኖረ ዘፈኑን ያራምዳል። ብራውን የኤላ የቀድሞ ባለቤት ነው፤ በ1947 ተጋብተው በ1953 ተፋተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በዚህ ቀረጻ አጅቧታል።

በጣም የሚገርመው ከበሮ መቺው ባዲ ሪች ነው። በኃይሉና በጉልህ አመታቱ የታወቀው ሪች፣ እዚህ በሽቦ ብሩሽ የከበሮውን ፊት ሲያሻሽ ነው የሚሰማው። ልብ ብሎ ካላዳመጡት መኖሩ ሊዘነጋ ይችላል። ችሎታው ኖሮ አለማሳየት ለሙዚቀኛ ቀላል አይደለም።

ጊዜውንም ማስታወስ ይገባል። በ1956 በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የዘር መለያየት ሕጋዊ ነበር። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በከተማ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግር የሚሄዱበት ዓመት ነው። ግራንዝ በሚያዘጋጃቸው ኮንሰርቶች ነጭና ጥቁር ተመልካች ተለያይቶ እንዳይቀመጥ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ከቀረጻው አሥር ወር በፊት፣ በጥቅምት 1955፣ በሂውስተን ከተማ ከእነዚህ ኮንሰርቶች በአንዱ ፖሊስ ከመድረክ ጀርባ ገብቶ ኤላንና ግራንዝን ጨምሮ ሙዚቀኞችን አስሯል። ከአራቱ አጃቢዎች ፒተርሰንና ብራውን ጥቁሮች፣ ኤሊስና ሪች ነጮች ናቸው። በስቱዲዮው ውስጥ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ፣ ተራውን እየጠበቀ ይጫወት ነበር።

በ1957 ተከታዩ «ኤላ ኤንድ ሉዊስ አጌን» ሲወጣ የፒተርሰን፣ የኤሊስና የብራውን ሦስትዮሽ እንዳለ ቀጠለ፤ ከበሮውን ግን ሉዊ ቤልሰን ያዘ።

አልበሙ እጅዎ ላይ ካለ፣ እስኪ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያድምጡት። መጀመሪያ እንደ ልማድዎ ኤላንና ሉዊስን ይከተሉ። በሁለተኛው ግን ድምፃቸውን ትተው ቤዙን ብቻ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከተሉ። ሁለቱ ዘፋኞች ያን ያህል ዘና ብለው የሚጫወቱት ማንን ተማምነው እንደሆነ ያኔ ይገባዎታል።