በረንዳውና ሱቁ

የዛሬው ትምህርታችን «በረንዳ» በሚለው ቃል ይጀምራል። በሰሌዳችሁ ላይ ጻፉት፦ በ-ረ-ን-ዳ። አራት ፊደል ነው።

በረንዳ የሱቅ ደጅ ነው። ቀን ደንበኛ ይቆምበታል፤ ማታ ደግሞ ማደሪያ ያጣ ሰው ይተኛበታል። «በረንዳ አዳሪ» የምንለውም ለዚህ ነው። አንዱ ካርቶን አንጥፎ ያድራል፤ ሌላው ከአጥር ሥር ላስቲክ ወጥሮ ከነልጆቹ ይኖራል። ታዲያ ይህ በአካባቢው ንግድ ላይ ምን ያስከትላል? እስቲ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንሂድ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ተነሥቶ በዚሁ ክፍለ ከተማ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ። መኪና ሲገባ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያወርድ ጉልበት ይፈለጋል። ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ግን ያገኘውን ለቤት ኪራይ ከከፈለ የሚበላው አይተርፈውም። ስለዚህ ገበያ ባለበት ሁሉ ከሥራው አጠገብ፣ ደጅ ላይ የሚያድር አይጠፋም።

ባለሱቁ በሦስት ነገር ይጎዳል። አንደኛ፣ መጸዳጃ የሌለው ሰው ግድግዳ ሥር ይጸዳዳል፤ ሽታው ምግብ ቤቱን ደንበኛ ያሳጣዋል። ሁለተኛ፣ መተላለፊያው ይጠባል። ሦስተኛ፣ ሲመሽ ሰው ይፈራና በሌላ መንገድ ይሄዳል።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። አንዲት ሻይ ቤት ቀድሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ትሠራ ነበር፤ አሁን በ12 ሰዓት ትዘጋለች እንበል። በቀን 2 ሰዓት ቀረባት። በሳምንት 6 ቀን ብትሠራ 12 ሰዓት፣ በ4 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። ለባለቤቲቱ ይህ የልጆቿ ደብተርና እርሳስ ነው። ብታማርር አይፈረድባትም።

ሒሳቡ ግን ሌላ ገጽ አለው። ማለዳ ዳቦና ሻይ የሚገዛት ማን ነው? ጆንያዋን የሚሸከምላት፣ ደጇን የሚጠርግላትስ? ብዙ ጊዜ ያው በረንዳ ላይ ያደረው ሰው እኮ ነው!

አንዳንዱ ባለሱቅ «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ ማታ በረንዳው ላይ ውሃ ይደፋል። ሰውየው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎረቤት በረንዳ። ጎረቤትም ውሃ ሲደፋ ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

ታዲያ ምን ይበጃል? ፊንላንድ የምትባል አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጎዳና ላይ ለቆየ ሰው አስቀድማ ቤት ሰጠች፤ ሥራውና ሕክምናው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥራቸውም ቀነሰ። በእኛም አገር በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ጎዳና ላይ ያሉ ወገኖችን ያካተተ ነበር።

ይህ የመንግሥት አቅም ይጠይቃል። የሰፈር ሰው አቅም ግን ከንቱ አይደለም። ባለሱቆች ተባብረው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ወረዳውን መጠየቅ ይችላሉ። መጸዳጃውን ጎዳና ላይ ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው ቢይዙት ሽታው ይጠፋል፤ ሥራም ይገኛል። ከበረንዳ አዳሪዎቹም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፦ በረንዳው በስንት ሰዓት ይለቀቅ? ብርድ ልብሱስ የት ይቀመጥ? ልጅ የያዘችውን እናትና በሽተኛውን አስቀድሞ ለወረዳው ማሳወቅ ነው።

ይህ ሁሉ በማመልከቻ ይጀመራል። ማመልከቻ ደግሞ መጻፍ ይጠይቃል። እናንተ አሁን መጻፍ ጀምራችኋል አይደል? የቤት ሥራችሁ እንግዲህ ይህ ነው፦ «በሰፈራችን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ይሠራልን» የሚል አጭር ማመልከቻ ጻፉ። ከሥሩ ስማችሁን አስፍሩና ፈርሙ፤ ጣት ማስነካት ቀርቷል።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።