ወፎች የማይሰሙት ጩኸት

የጓሮ እንጆሪን ከወፎችና ከሌሎች እንስሳት ስለ መጠበቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ ሁለት መደብ እንጆሪ ተክዬ ነበር። ፍሬዎቹ መቅላት ሲጀምሩ ግን ቀድመውኝ የሚደርሱት ወፎች ሆኑ። በተለይ ቡናማ መልክ ያላቸው፣ ጭራቸው ከአካላቸው የሚረዝም፣ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ መካከል የሚሽሎኮሎኩት ወፎች በመንጋ ይመጣሉ። ከአንዱ ፍሬ ጥቂት ቆንጥረው ወደ ሌላው ያልፋሉ፤ የተረፈውን ጉንዳንና ቀንድ አውጣ ይጨርሰዋል። በመጨረሻም «በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ በማሰማት ወፎችን ያባርራል» የሚል ጽሑፍ የሰፈረበት አነስተኛ መሣሪያ ከውጭ አገር አስመጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ወፍ በመሣሪያው አናት ላይ ተቀምጣ እንጆሪ ስትበላ አገኘኋት። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሳለሁ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ባለመጠየቄ አፈርሁ። ለመሆኑ ወፍ ምን ትሰማለች? ምንስ ታያለች?

ቀይ ቀለም ግብዣ ነው

ወፎቹን ከመክሰሳችን በፊት የተክሉን ጠባይ መረዳት ይገባል። እንጆሪ ዘሩን ርቆ የሚበትንለት እንስሳ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ፍሬው ዘሩ እስኪደርስ ድረስ አረንጓዴና ጎምዛዛ ሆኖ ይቆያል፤ ሲደርስ ቀልቶ ይጣፍጣል። በሰው ዓይን ውስጥ ቀለምን የሚለዩ ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዓይን ውስጥ ግን አራት ዓይነት ናቸው፤ ብዙዎቹም እኛ የማናየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያያሉ። በአረንጓዴ ቅጠል መካከል የቀላ ፍሬ እንግዲህ ለወፍ ከሩቅ የሚታይ የግብዣ ምልክት ነው።

«ወፍ ሳትቀድመኝ ጥሬውን ልቅጠፈው» ቢሉም አያዋጣም። ሙዝና ማንጎ ሳይበስሉ ተቆርጠው ቤት ውስጥ ይበስላሉ። እንጆሪ ግን ከተቀጠፈ በኋላ ቀለሙ ቢደምቅም ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ስለዚህ ተክሉ ላይ እንዳለ እስኪበስል መጠበቅ ግድ ነው። የአትክልተኛው ችግርም የሚጀምረው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

ድምፅ እስከ ምን ድረስ ይረዳል?

የአንድ ጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርስ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የአብዛኞቹ ወፎች ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ከ1,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እምብዛም አይሰሙም። በሌላ አነጋገር እኔ ያልሰማሁትን የመሣሪያውን ጩኸት ወፏም አልሰማችውም።

አይጦች ግን እንዲህ ያለውን ድምፅ ይሰማሉ። ታዲያ ለእነርሱስ አይሆንም? ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ለ25,000 ስናካፍለው የሞገዱ ርዝመት 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። አጭር ሞገድ እንቅፋትን ዞሮ የማለፍ ችሎታው አነስተኛ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚሰፋ ቅጠል ሁሉ በስተኋላው የድምፅ ጥላ ይፈጥራል። አይጧም በዚያ ጥላ ሥር በሰላም ትመገባለች።

በአንጻሩ የማሽላ ማሳ የሚጠብቀውን የገበሬ ልጅ እንመልከት። በቡሄ ሰሞን የምንሰማው የጅራፍ ጩኸት የሚፈጠረው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወነጨፍ ነው። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎቹ አላን ጎሪየሊና ታይለር ማክሚለን እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በጅራፉ ላይ የሚሮጠው እጥፋት ራሱ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ጩኸቱ እንደሚወለድ አስረድተዋል። ይህን ጩኸት ወፎች በሚገባ ይሰሙታል። ዋናው ምስጢር ግን ያለው ከልጁ ዘንድ ነው። ከማማው ላይ ሆኖ መንጋው ሊያርፍ ሲል አንድ ጊዜ በጅራፍ፣ አንድ ጊዜ በወንጭፍ፣ ሌላ ጊዜ በጩኸት ያስደነግጠዋል። አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማን ነገር ግን ወፎች ጉዳት እንደማያስከትል ሲረዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምዱታል።

አሮጌ ሲዲ በክር ማንጠልጠልም ከዚሁ የተለየ አይደለም። መስታወት በ1 ዲግሪ ሲዞር የሚያንጸባርቀው ጨረር በ2 ዲግሪ ስለሚዞር፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሲዲ ብልጭታውን በሰፊ አካባቢ ይረጫል። ይሁን እንጂ ፀሐይና ነፋስ ከሌሉ ብልጭታ የለም። ቦታውን በየጊዜው መቀያየር ወፎቹ የሚለምዱበትን ቀን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም።

ከማስፈራራት ማጠር

ወፍ የማትለምደው ነገር ቢኖር አካላዊ እንቅፋት ነው። ከቀርከሃ ወይም ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ በተሠራ ደጋን ላይ መረብ ወጥሮ ጫፎቹን በድንጋይ ወይም በአፈር መድፈን ይገባል። መረቡ ፍሬውን መንካት የለበትም፤ የነካው እንደሆነ ወፏ ከላይ አርፋ በቀዳዳው ትበላለች። የላላና ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መረብ ደግሞ ወፎችንና እንሽላሊቶችን እግራቸውን ጠልፎ ይገድላል። በዚህም ምክንያት የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በመኖሪያ ቤት የፍሬ ተክሎች ላይ የሚዘረጋ መረብ ሲወጠር ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች።

እንዲህ ያለው ጠባብ መረብ ንቦችንም እንደሚያስቸግር መዘንጋት አይገባም። አበባው በሚገባ ካልዳቀለ እንጆሪው ቅርፁ የተጣመመ ይሆናል። ስለዚህ በአበባ ወቅት መረቡን ገልጦ፣ ፍሬዎቹ ከአረንጓዴነት ወደ ነጭነት ሲለወጡ መሸፈን ይበጃል። አይጥ የፕላስቲክ መረብን ስለሚቀረጥፍ እርሱ በሚበዛበት ግቢ የታችኛውን ክፍል በወንፊት ሽቦ መክበብ ያስፈልጋል። ጦጣ ለሚመላለስበት ቤት ደግሞ የመረቡ ነገር አይታሰብ፤ ጠንካራ ሽቦ የለበሰ፣ ክዳንና መቀርቀሪያ ያለው ሣጥን መሥራት ይሻላል። ቀንድ አውጣን በተመለከተ በዝናብ ምሽት ባትሪ ይዞ በእጅ ከመልቀም የሚቀል ዘዴ የለም፤ ዙሪያውን የሚነሰነሰው አመድ እንደሆነ ሲርስ ኃይሉን ያጣል።

እንጆሪዬ ዛሬ በመረብ ሥር ነው። መሣሪያውም ቢሆን አልተጣለም። በየዓመቱ ስለ ሞገድ ርዝመት ሳስተምር ወደ ክፍል ይዤው እገባና ጽሑፉን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ከዚያም ስሌቱን ሠርተው፣ ገንዘባቸውን ያወጡበት እንደሆነ እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ።