ቫልቩን ሊቀይሩ የደም ሥሩን ምን አስነካቸው?

«ችግሩ ቫልቭ ነው ብለውት የለ? ታዲያ የልቡን ደም ሥር አንጂዮግራም አንሣ የሚሉት ለምንድን ነው? ገንዘብ ለመልቀም ነዋ!» ይህን ንግግር በልቅሶ ቤትም በታክሲም ሰምቼዋለሁ፤ ከሁሉ የባሰው ግን በቲክቶክ የሚነገረው ነው። ሲሰሙት ጨዋታ ይመስላል። ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ስድሳ ዓመት የተጠጉ አባት ይህን ምክር ሰምተው ምርመራውን ሲተዉ፣ ቀዶ ሕክምናው ሲጓተትና ልባቸው በየወሩ ሲደክም ግን ጨዋታነቱ ያበቃል። መካሪዎቹ ያን ጊዜ ሌላ ሰው እየመከሩ ነው።

እምነቱ እንዲሁ ከሜዳ አልተነሣም። በአገራችን የቫልቭ ሕመም ዋናው ምንጭ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ስለዚህ ቫልቭ የሚቀየርላቸው ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። የሃያ ዓመት ልጅ ልቧን የሚመግቡት ደም ሥሮች ጠብበው የመገኘታቸው ዕድል በጣም አነስተኛ በመሆኑ ሐኪሟ አብዛኛውን ጊዜ አንጂዮግራም አያዝላትም። ጎረቤቷ ይህን አይቶ «ለእሷ ያልታዘዘ ለእኔ ለምን?» ቢል አይፈረድበትም። ስሕተቱ የወጣቷን ደም ሥር ለራሱ መውሰዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግ ይመክር የነበረው ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች፣ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች፣ እንዲሁም ስኳር፣ ግፊት ወይም የሲጋራ ሱስን የመሰለ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር ላለባቸው ነበር። ጥርጣሬው አነስተኛ ከሆነ በሲቲ ስካን ማየትም ይቻላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግን መካሪዎቻችን ሲያነሡት አልሰማሁም። ደረት ተከፍቶ ቫልቭ ሲቀየር ልብ አብዛኛውን ጊዜ መቆም አለበት። የሚቆመውም ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ተሰጥቶት ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ጡንቻው የሚደርሰው በእነዚያው ልብን በሚመግቡ ደም ሥሮች በኩል ነው። አንደኛው ተደፍኖ ከሆነ ከእሱ ወዲያ ያለው ጡንቻ መከላከያ የሚሆነውን ፈሳሽ ሳያገኝ ደም ይቋረጥበታል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ፈሳሹን በመላሹ ደም ሥር በኩል ወደ ኋላ ይልከዋል። ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ደረቱ አንዴ ተከፍቷልና በዚያው ከእግር ወይም ከደረት በተወሰደ ደም ሥር መተላለፊያ ይሠራለታል። ካላወቀ ግን ቫልቩ አለ እንከን ተሰፍቶም ልቡ ሥራውን ተክቶ ሲሠራለት ከነበረው ማሽን መላቀቅ ሊያቅተው ይችላል።

«ደረቴን አያመኝም፤ የእኔ ደም ሥር ጤነኛ ነው» የሚለውም አያስተማምንም። ስኳር ያለበት ሰው ደም ሥሩ ጠብቦ ሕመሙን ላይሰማው ይችላል። በአንጻሩ የአኦርቲክ ቫልቭ መጥበብ ደም ሥሩ ንጹሕ ሆኖም ደረት ያሳምማል። በስሜት መለየት አይቻልም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ እምነትም አለ፤ «ደም ሥሩ ንጹሕ ነው ከተባለ በኋላ የልብ ድካም ቢመጣ፣ ሐኪሙ ገደለው» የሚል። ሐኪም አይሳሳትም አልልም። ነገር ግን ቫልቮቹና ደም ሥሮቹ ጉርብትናቸው ሚሊ ሜትሮች ነው። ሰርከምፍሌክስ የሚባለው ደም ሥር በሚትራል ቫልቭ ጠርዝ ዙሪያ ስብ ውስጥ ተቀብሮ ያልፋል። ቫልቩን የሚሰፋው ሐኪም ከልብ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ይህን ደም ሥር አያየውም፤ መርፌው ትንሽ ጠልቆ ከገባ ክሩ ሊያንቀው ወይም ሊያጣምመው ይችላል። በአኦርቲክ ቫልቭ በኩል ደግሞ የሁለቱ ዋና ደም ሥሮች አፍ ከቫልቩ በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አዲሱ ቫልቭ ወይም የካልሲየም ፍርፋሪ ሊጋርደው ይችላል። በልብ ውስጥ የቀረ አየርም አለ፤ ታካሚው በጀርባው ሲተኛ የቀኙ ደም ሥር አፍ ወደ ላይ ስለሚሆን አረፋው ወደዚያው ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይቆይ ይለቃል።

እነዚህ ጉዳቶች በጥቅሉ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ስለማይታወቁ ግን በትክክል ምን ያህል እንደሆኑ ሐኪሞችም አይስማሙም። ከዚያ ላይ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁሉም ታካሚ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኢሲጂው ተቀይሮ እንደሆነ፣ በአልትራሳውንድ የልቡ አንደኛው ግድግዳ መንቀሳቀስ አቁሞ እንደሆነ ይታያል፤ ጥርጣሬው ከጠነከረ በአስቸኳይ አንጂዮግራም ይነሣል። ክሩን መፍታት፣ ስቴንት ማስገባት ወይም መተላለፊያ መሥራት የሚቻለው በጊዜ ሲደረስበት ነው። «ገንዘብ መልቀሚያ» የሚባለው ያው ምርመራ ነው እንግዲህ።

ቀሪዎቹን በአጭሩ። «በእግር ደም ሥር የሚገባው ቫልቭ ደረት አይከፍት፣ ደም ሥር አይነካ» ይባላል፤ ደረት አይከፍትም፣ ነገር ግን የደም ሥሩ አፍ ዝቅ ያለ ከሆነ አሮጌው ቫልቭ ተገፍቶ ሊደፍነው ስለሚችል ቁመቱ አስቀድሞ በሲቲ ይለካል። «ከኦፕራሲዮን በኋላ ደረት ቢያም የቁስሉ ነው» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከተጨመረበት ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። «ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ጎመን አይንካ» ሐሰት ነው፤ የጎመኑ መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። «ቫልቩ ተቀየረ፣ ዋርፋሪኑ ይብቃ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። በብረት ቫልቭ ላይ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ፣ ልብን ወደሚመግበው ደም ሥርም ሊገባ ይችላል። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪኑን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

የቫልቭ ቀጠሮ ካለዎት ከመካሪ ይልቅ ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በእኔ ዕድሜና ሕመም አንጂዮግራም ያስፈልገኛል? በሲቲ ይተካልኝ? ኩላሊቴስ ለምርመራው የሚሰጠውን መድኃኒት ይችላል? ስኳር ካለብዎትና ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገሩ።