የአክስቴ ሉል ስንት ወር ደመወዝ ነው?

አክስቴ ከባሕሬን የተመለሰች ቀን ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለሰፈር የሚከፋፈል ሳሙናና ሻምፖ፣ እንዲሁም ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ አንድ የአንገት ሐብል ነበር። ማናማ ውስጥ አንድ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ስትወጣ የአራት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም ነበር። ማዳሟ ኤርፖርት በር ላይ ሐብሉን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና «ሉሉ ነው፤ ከደመወዝሽ ይበልጣል» አለቻት። አክስቴ እስከዚያች ቀን «ሉሉ» ሲባል የምታውቀው ሱፐርማርኬቱን ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐብሉ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ እዚያው ካልሲ ውስጥ ተኛ። አንድ ቀን አንገቷ ላይ አድርጋው አታውቅም። «ለክፉ ቀን ነው» ትላለች። ክፉው ቀን ባለፈው ዓመት በልጇ የኮሌጅ ክፍያ በኩል መጣና ሁለታችን ይዘነው ወርቅ ቤት ሄድን። ሰውዬው ገና አንዴ እንዳየው መቀስ አነሳ። ማያያዣዋን ቆርጦ ሊመዝን ነው። «እኔ የምገዛው ወርቅ ነው እህቴ፤ ዶቃውን ይዛችሁ ሂዱ» አለ።

ዶቃ! አክስቴ ምንም ሳትናገር ሐብሉን ወደ ካልሲው መለሰችው። እኔ ግን ቤት ገብቼም ነገርዬው አልወጣልህ አለኝ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የአራት ወር ደመወዝ እና የአንድ ሐብል ዋጋ ማወዳደር ካቃተኝ ምን ተማርኩ ታዲያ?

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ዛሬ ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል ፐርል» እየተባለ የሚሸጠው ነገር በቆየው አማርኛ ሉል ነው፤ ከአረቦቹ «ሉሉ» ጋር ቃሉ ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ትምህርት ቤት ሉልን የምናውቀው ክብ ሆኖ የዓለም ካርታ የተሳለበት ነገር አድርገን ነው። ሉላዊነት የሚለው ቃልም ከዚሁ ወጣ። አጋጣሚው ደስ ይላል፤ ምክንያቱም ሉላዊነት ማለት ምን እንደሆነ ከሉል የተሻለ የሚያስረዳ ሸቀጥ ብዙ አላውቅም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1917 ካርቲዬ የተባለው የፈረንሳይ ጌጣጌጥ ቤት ኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት የራሱ አደረገ። የከፈለው 100 ዶላር እና አንድ ባለ ሁለት ዙር የሉል ሐብል ነው። ሐብሉ በጊዜው አንድ ሚሊዮን ዶላር ተተምኖ ነበር። ያው ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ ያወጣው ግን 150 ሺህ ዶላር አካባቢ ብቻ ነው። ቤቱ ዛሬም ካርቲዬ ነው።

በመሀል ምን ተፈጠረ? ጃፓን ውስጥ ኮኪቺ ሚኪሞቶ የሚባል የኑድል ሻጭ ልጅ ባሕር ውስጥ ሉል ማርባት ቻለ። በ1893 የመጀመሪያዎቹን፣ ገና ግማሽ ክብ የነበሩትን አገኘ። ከዚያ ሙሉ ክቦቹ መጡ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ ሕይወት ያለው የባሕር ዛጎል ይከፈትና ከሌላ ዛጎል የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ ከትንሽ ክብ ፍሬ ጋር ሆድ ዕቃው ውስጥ ይገባል። እንስሳው ባዕዱን ነገር በሚያብረቀርቅ ንጣፍ ደራርቦ ይሸፍነዋል። ያ ንጣፍ ነው እንግዲህ ሉል የምንለው። አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ የሚገባው ፍሬ ራሱ የሚሠራው ከአሜሪካ ወንዞች ከሚወጣ ዛጎል ነው። ሉላዊነት ስላችሁ ቀልዴን አልነበረም።

ይሄ ለገዢ መልካም ዜና ነበር፤ ለባሕረ ሰላጤው ግን መዓት። ባሕሬን፣ ኩዌትና ዛሬ ኢምሬትስ የምንላቸው የወደብ ከተሞች ከነዳጅ በፊት የኖሩት በሉል ነው። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ ትንፋሹን ይዞ ይወርዳል፣ በገመድ ይጎተታል። በቀን ደጋግሞ፣ በበጋው ወራት በሙሉ። ወቅቱ ሳይጀምር ለቤተሰቡ ቀለብ ከመርከቡ አለቃ ይበደራል፤ ሉሉ ሲሸጥ ዕዳው ይቀነስለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕዳው አያልቅም። ሲሞት ዕዳው ወደ ልጁ ይዞር ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት ተወስደው የሚጠልቁም ነበሩ፤ የእነሱን ድርሻ የሚቀበለው ጌታቸው ነው። በእኛው በኩል ባለው ቀይ ባሕርም ዳህላክ ደሴቶች ላይ ለዘመናት ሉል ይወጣ ነበር፤ ምፅዋ ላይ የሕንድ ነጋዴዎች ይረከቡታል።

1930ዎቹ ላይ የጃፓኑ ሉልና የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት ተደራርበው ያንን ገበያ ጣሉት። ባሕሬን በ1932 ነዳጅ ባታገኝ ምን ይውጣት እንደነበር እንጃ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በአገሯ የእርባታ ሉል እንዳይሸጥ ትከለክላለች። ሙሐረቅ የሚገኙት የድሮ ሉል ነጋዴዎች ቤቶችና አብረዋቸው ያሉት የዛጎል መስኮች በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይሄንን ሳነብ ልቤ ዘለለ። የእርባታ ሉል የማይሸጥበት አገር ከሆነ የአክስቴ ሐብል ወይ ባሕሩ ራሱ ያበቀለው ውድ ነገር ነው፣ ወይ ፌክ ነው፣ ወይ ማዳሟ ከሌላ አገር ያመጣችው ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ምርመራ ጀመርን። መጀመሪያ በጥርስ። ሉል ከፊት ጥርስ ጫፍ ጋር ቀስ ብሎ ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ መስታወትና ፕላስቲክ ግን ይንሸራተታሉ። የእሷ አሸዋ አለ። እልልታ! ሁለተኛ፣ ፍሬዎቹ መልካቸው ፍጹም አንድ ዓይነት አልነበረም፣ በየመሀላቸውም ቋጠሮ አለ፤ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስተኛ የስልኬን ካሜራ አቅርቤ ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አየሁ። አንዷ ላይ፣ በቀጭኑ ንጣፍና በመሀሉ ፍሬ መካከል፣ ጥቁር መስመር በግልጽ ይታያል። እልልታው ቆመ። ውስጡ ክብ ፍሬ የገባበት የእርባታ ሉል ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትክክለኛው መልስ በኤክስሬይ ነው የሚገኘው። መስመሩ ግን መስመር ነው።

እናም እውነተኛ ነው፣ ግን ሀብት አይደለም። ሱቅ ውስጥ አዲስ ሲሸጥ ጥሩ ዋጋ ይጠየቅበታል፤ መልሶ ለመሸጥ ሲሞከር ግን የሚጠብቀው ቅናሽ ያሳቅቃል። ወርቅ በግራም ይመዘናል፤ ሉል የሚመዘንበት እንዲህ ያለ የጋራ ዋጋ የለውም። «ኢንቨስትመንት ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ሮጡ። በእኔ ግምት አክስቴ ሐብሉን ብትሸጠው የአንድ ወር ደመወዟን ቢያወጣላት ነው። ነገርኳት። ስኒዋን አስቀመጠችና «እሺ፤ እንደማይሸጥ ካወቅን እናድርገው እንጂ» አለችኝ።

በእኔ እምነት ሉልን በተመለከተ ከዚህ የተሻለ የፋሽን ምክር የለም። ብዙዎቻችን ሉልን የሙሽራ ወይም የትልቅ ሴት ጌጥ አድርገን ስለምናስብ ሳጥን ውስጥ እናረጀዋለን። ሰፈራችን ዶቃ የምትሰካ ልጅ አለች፤ አሮጌውን ክር አውጥታ በአዲስ የሐር ክር፣ ፍሬ በፍሬ እየቋጠረች ሰካችው። ከ45 ሳንቲ ሜትር ወደ 40 አሳጠርነው። ይቺ አምስት ሳንቲ ሜትር ሁሉን ነገር ቀየረች። ደረት ላይ ሲወርድ የእንግዳ መቀበያ መጋረጃ የሚመስለው ነገር፣ አንገት ሥር ሲቀመጥ ነጭ ቲሸርት ላይ እንኳ ያምራል። ከተረፉት ፍሬዎች ሁለቱ የጆሮ ሆኑ፤ አንዷ የእኔ የብር መስቀል አጠገብ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይሄን ነው። ሉል የሚያምረው ከማይመስለው ነገር ጋር ሲሆን ነው፤ ጂንስ ጃኬት፣ ኮሌታው የተከፈተ ሸሚዝ፣ ቀጭን የወርቅ ወይም የብር ሰንሰለት አጠገብ። ክብነቱ ያልተስተካከለውን፣ ባሮክ የሚሉትን አትናቁት፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለእኔ ደግሞ ከክቡ ይበልጥ ሕይወት አለው። ለእኛ ቆዳ ከበረዶ ነጭ ይልቅ ክሬምና ወርቃማ፣ ወይም ከታሂቲ የሚመጣው ግራጫና ጥቁር የበለጠ ደምቆ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥልፉ ራሱ የአንገት ጌጥ ነው፤ ሐብል ሲጨመርበት ይጣላሉ። የጆሮ ብቻ ይበቃል። ነጠላ ላይ ደግሞ ማያያዣው ክር ይስባል።

ወንዶችም አትሳቁ። የሕንድ ማሃራጃዎች ደረታቸውን በሉል ይሸፍኑ ነበር፤ ሃሪ ስታይልስ በ2019 ሜት ጋላ ላይ በአንድ ጆሮው አንድ ሉል አንጠልጥሎ ሲመጣ አዲስ ነገር ፈጠረ ከማለት የቆየውን መለሰ ማለት ይቀላል።

እንክብካቤው አጭር ነው፤ ሽቶ መጀመሪያ፣ ሉል መጨረሻ። ሉል ለስላሳ ነው፤ አሲድ ይበላዋል፣ ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ያደበዝዙታል፣ ላብም እንዲሁ። ፀጉራችሁን ቅቤ የተቀባችሁ ቀን ባይደረግ ይሻላል። ካወለቃችሁ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከወርቅ ጋር በአንድ ሳጥን ከተቀመጠ ይጫጫራል። የአክስቴ ካልሲ፣ ለካ፣ ከፕላስቲክ ከረጢት የተሻለ ነበር።

ፎቶውን ስለጥፍ ጓደኞቼ «የት ይገዛል?» ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሻጮች አሁን «ኢቲካል» የምትል ቃል ለምደዋል፤ ሰው ሳይበደልበት፣ ተፈጥሮ ሳትጎዳበት የተመረተ ለማለት ነው። ክፍል ውስጥ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ የጻፈውን ተምረናል፤ በኋላ ኖቤል ያስገኘለት ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው ያው አማካይ ዋጋ ነው፤ ያኔ ጥሩው ሻጭ ከገበያ ይወጣል። «ኢቲካል» የምትለዋ ቃል እንዲሁ ናት። ለመጻፍ ነፃ ናት፣ ለማረጋገጥ ግን ውድ። አልማዝ ቢያንስ ከ2003 ጀምሮ ኪምበርሊ የሚባል የመንግሥታት የምስክር ወረቀት ሥርዓት አለው፤ እሱም ብዙ ቀዳዳ አለበት። ሉል ያን ያህል እንኳ የለውም።

ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ጠይቁ። የተፈጥሮ ነው፣ የእርባታ ነው ወይስ አርቴፊሻል? በጨው ውሃ ነው ወይስ በጣፋጭ ውሃ? የትኛው አገር፣ ከተቻለም የትኛው እርሻ? ቀለሙ የራሱ ነው ወይስ ተነክሯል? ይሄን ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ በሉት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ እዚያ የእርባታውን «የእርባታ» ሳይሉ መሸጥ ደንቡ አይፈቅድም። የባሕር እርባታ በአንድ በኩል ደግ ነው፤ ዛጎሉ የሚኖረው በንጹህ ውሃ ስለሆነ ገበሬው ባሕሩ እንዲቆሽሽበት አይፈልግም። ከዓለም የጣፋጭ ውሃ ሉል አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ግን ኩሬዎቹ ውስጥ ፍግና ማዳበሪያ ሲበዛ ውሃ ተበክሎ፣ እርባታው በየአካባቢው እስከ መገደብ ደርሷል። ሉሉ ንጹህ ሆኖ ማያያዣው ወርቅ ሜርኩሪ በባዶ እጅ ከሚቦካበት ጉድጓድ የመጣም ሊሆን ይችላል። የማይመልስ ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። «አላውቅም» ያለኝን ሻጭ «መቶ በመቶ ኢቲካል» ካለኝ ይልቅ አምነዋለሁ። ያገለገለ ሐብል አሰክቶ ማደስ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው።

ስለ ሩቁ ባሕር ስንጠይቅ የወሎውን ኦፓል ባንረሳው ጥሩ ነው። ከ2008 ወዲህ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውን ድንጋይ የሚቆፍሩት ልጆች እኩዮቻችን ናቸው፤ ጉድጓድ የተደረመሰባቸው አሉ። ቀለበቱን ስንገዛ ከየት እንደወጣ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እኔ አልጠየቅሁም ነበር።

የኮሌጁ ክፍያ በመጨረሻ በዕቁብ ተሸፈነ። ባለፈው ወር የጎረቤት ሠርግ ላይ አክስቴ ሐብሉን በጥቁር ቀሚስ አድርጋው መጣች። አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ ዓይኗን መንቀል አቅቷት «ከየት ነው የገዛሽው?» አለቻት።

«አልገዛሁትም፤ ሠርቼበት ነው» አለቻት አክስቴ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ባንቺ ሂሳብ ከሄድን ገና የሦስት ወር አለባቸው አይደል?» አለችኝ።