አምባሳደር፣ ገበያና ባህል፦ አጭር ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በ3ኛ አንቀጹ የኤምባሲን ተግባራት ሲዘረዝር፣ መንግሥትን ከመወከል፣ ከመደራደርና የተቀባዩን አገር ሁኔታ አጣርቶ ከማሳወቅ ጋር የኢኮኖሚ፣ የባህልና የሳይንስ ግንኙነትን ማሳደግንም ያስቀምጣል። ይኸው ስምምነት በ42ኛ አንቀጹ ዲፕሎማት በተመደበበት አገር ለግል ጥቅሙ እንዳይነግድ ይከለክላል። ሁለቱ አንቀጾች አብረው ሲነበቡ የሙያው ጠባይ ይገለጣል፤ አምባሳደር ገበያ ይከፍታል እንጂ አይነግድም፣ ለነጋዴው የሚያቀርብለትም ሸቀጥ ሳይሆን እውቀትና መታመን ነው።

ወደዚህ ማዕረግ የሚደርሱት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ከሦስተኛ ጸሐፊነት ጀምረው በአማካሪነትና በሚኒስትር አማካሪነት ደረጃ አልፈው የሚያድጉ የሙያ ዲፕሎማቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ከፖለቲካ ወይም ከሌላ ሥራ በቀጥታ የሚሾሙ ናቸው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 71ኛ አንቀጽ መሠረት አምባሳደሮችን የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ርዕሰ ብሔሩ ነው፤ ተሿሚው ግን ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ካልፈቀደ ሊሄድ አይችልም።

የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1907 ቢቋቋምም፣ ንግድ ከዚያ በፊትም ዲፕሎማሲውን ይጎትት ነበር። አቡጀዲ የተባለው የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ ሲሸጥ፣ የኢትዮጵያ ቆዳና ቡናም ወደ አሜሪካ ሲሻገር፣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የንግድ ውል አልነበረም፤ ይህን ያስተዋለው በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1903 ማብቂያ ውሉን አስፈረመ። ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 በልዑክነት ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስተላልፈዋል። ይህ ሊተኮርበት ይገባል፤ መልእክተኛ የአገሩን ለሌላው የሚያሳየውን ያህል የሌላውንም ለአገሩ ማስረዳት አለበት።

ንግድና ባህል ምን ያህል የማይነጣጠሉ እንደሆኑ ከቡና ጉዳይ የበለጠ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የንግድ ምልክት ማለት አንድን ምርት ከሌላው የሚለይና ባለቤቱ ብቻ አጠቃቀሙን የሚፈቅድበት ስም ወይም ምስል ነው። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ከቡና ሻጩ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ብዙ ያነጋገረ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያና ኩባንያው ስምምነት ፈረሙ። የክርክሩ ዕቃ ጆንያ ቡና አልነበረም፤ ገበሬው ከአያቶቹ የወረሰው የቦታ ስም ነበር። ስም ዋጋ እንዳለው ለባዕድ ገዢ ለማስረዳት የቡናውን ታሪክ፣ የአፈላሉን ሥርዓትና የአምራቹን ኑሮ አብሮ ማስረዳት ግድ ስለሆነ፣ የንግድ አታሼና የባህል ጉዳይ ኃላፊ በተለያየ ቢሮ ተለያይተው የሚሠሩበት ኤምባሲ ግማሽ ሥራ ይሠራል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችም ከብዙ የኤምባሲ ግብዣ ይልቅ እንጀራን ለባዕዳን አስለምደዋል፤ ብልህ አምባሳደር ይህን ሀብት እንደ ራሱ ሥራ ቆጥሮ ሳይሆን እንደ አጋር ይዞ ይሠራል።

የአምባሳደርን ሥራ በቆየባቸው ጥቂት ዓመታት በተገኘ ገቢ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው። ጣሊያን ከአክሱም የወሰደችውን ሐውልት እንድትመልስ እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ግዴታ ገብታ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ከአንድ ትውልድ ዲፕሎማት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ፣ ሐውልቱ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005፣ በቦታው የቆመውም በ2008 ነው።